አድልዎ ሲደርስብዎ የከተማዎ ሕግ ምን ይላል?

ውድ አንባቢ፦ በአገራችን ባህል «በሕግ አምላክ!» የተባለ ሰው የሰነዘረውን እጅ ይመልስ ነበር። ይህን ቃል የሚናገረው የግድ ዳኛ ወይም ፖሊስ አልነበረም። ተበዳዩ ራሱ ወይም በአጠገቡ የሚያልፍ መንገደኛ ይናገረዋል። ሕጉ አስቀድሞ አለ፤ ነገር ግን አንድ ሰው አፉን ከፍቶ ካልጠራው አይንቀሳቀስም። ዛሬ በአሜሪካ ከተሞች ስላሉት የፀረ-አድልዎ ሕጎችም መታወቅ ያለበት ዋናው ነገር ይኸው ነው። በዚህ ጽሑፍ ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባትን ዋሽንግተን ዲሲን እንደ ምሳሌ ወስደን የከተማው መስተዳድር ለነዋሪው ምን እንዳዘጋጀ፣ እርስዎም እንዴት ሊጠቀሙበት እንደሚችሉ እንመለከታለን።

ሰማንያ ዓመት የተረሳ ሕግ

የዋሽንግተን ዲሲ የአካባቢ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1872 እና በ1873 ምግብ ቤቶች በዘርና በቆዳ ቀለም ምክንያት ሰውን እንዳይመልሱ የሚከለክሉ ሕጎች አውጥቶ ነበር። በ1873ቱ ሕግ መሠረት ጥፋተኛ የሆነ ባለቤት 100 ዶላር ይቀጣል፣ የንግድ ፈቃዱንም ለአንድ ዓመት ያጣል። ሕጎቹን የሻረ አካል አልነበረም። ነገር ግን ከጊዜ በኋላ በታተሙት የሕግ መጻሕፍት ውስጥ ሳይካተቱ ቀሩ፤ የሚጠቅሳቸውም ጠፋ። በከተማዋም ጥቁሮች ከነጮች ጋር በአንድ ምግብ ቤት መመገብ እንዳይችሉ ተደርጎ ለብዙ አሥርት ዓመታት ተኖረ።

በ1950 ሜሪ ቸርች ቴሬል የተባሉ የ86 ዓመት ጥቁር አሜሪካዊት ሴት ቶምፕሰን ወደሚባል ምግብ ቤት ገቡ። አብረዋቸው ከነበሩት ሰዎች አንዱ የባፕቲስት መጋቢ የነበሩት ዊልያም ጀርናጊን ናቸው። ምግብ ቤቱ አናስተናግድም አላቸው። እነርሱም የተረሱትን ሕጎች ጠቅሰው አቤት አሉ። ክርክሩ ሦስት ዓመት ያህል ፈጅቶ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጁን 8 ቀን 1953 ሕጉ ዛሬም የጸና ነው ሲል ወሰነ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ወይዘሮ ቴሬል ወደዚያው ምግብ ቤት ተመልሰው ተስተናገዱ።

ውድ አንባቢ፦ ሕጉ በ1873ም በ1953ም ያው ነበር። የተለወጠው ነገር ቢኖር አንዲት አረጋዊት ሴትና ባልንጀሮቻቸው ሕጉን በስሙ መጥራታቸው ነው።

ዛሬ ያለው ሕግ

ዋሽንግተን ዲሲ የራሷን ምክር ቤት መምረጥ ከጀመረች በኋላ በ1977 የሰብአዊ መብቶች ሕግ አወጣች። ሕጉ አራት የኑሮ መስኮችን ይሸፍናል፤ እነርሱም ሥራ፣ መኖሪያ ቤት፣ ትምህርት፣ እንዲሁም ሆቴልና ሱቅን የመሰሉ ለሕዝብ ክፍት የሆኑ አገልግሎቶች ናቸው። በእነዚህ መስኮች በዘር፣ በቆዳ ቀለም፣ በሃይማኖት፣ በትውልድ አገር፣ በጾታ፣ በዕድሜ፣ በአካል ጉዳት፣ በጋብቻ ሁኔታ፣ በቤተሰብ ኃላፊነትና በሌሎችም ምክንያቶች ሰውን መለየት የተከለከለ ነው። የገቢ ምንጭም ከዝርዝሩ ውስጥ አለ። ስለዚህ አንድ አከራይ «የመንግሥት የቤት ኪራይ ድጎማ ወረቀት ይዞ የመጣ ተከራይ አልቀበልም» ማለት አይችልም።

የከተማው ሕግ ከፌዴራሉ ሕግ ሰፋ የሚልበት ቦታ አለ። በሥራ ላይ የሚፈጸም አድልዎን የሚከለክለው የ1964ቱ የፌዴራል ሕግ 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸውን አሠሪዎች ነው የሚመለከተው። የዲሲው ሕግ ግን ጥቂት ሠራተኞች ብቻ ያሉትን ትንሽ ሱቅና ምግብ ቤት ጭምር ይይዛል። ብዙዎቻችን የምንሠራው በእንዲህ ዓይነት ቦታ መሆኑን ያስታውሱ።

በቋንቋዎ የመስተናገድ መብት

በ2004 የዲሲ ምክር ቤት የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አወጣ። ይህ ሕግ በቀጥታ እኛን ይመለከታል። የከተማው መሥሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ ለማይችል ነዋሪ፣ ቋንቋው ምንም ይሁን ምን፣ በነጻ አስተርጓሚ ማቅረብ አለባቸው። ከዚህም በላይ አንድ መሥሪያ ቤት ከሚያገለግለው ሕዝብ መካከል የአንድ ቋንቋ ተናጋሪዎች 3 በመቶ ወይም 500 ሰው ከደረሱ፣ ከሁለቱ አነስተኛው ተወስዶ፣ ዋና ዋና ሰነዶቹን በዚያ ቋንቋ መተርጎም ይኖርበታል። በዚህ መሠረት አማርኛ ከስፓኒሽ፣ ከቻይንኛ፣ ከቬትናምኛ፣ ከኮሪያኛና ከፈረንሳይኛ ጋር ከዋነኞቹ ቋንቋዎች አንዱ ለመሆን በቅቷል።

ስለዚህ አንድ የከተማው ሠራተኛ «እንግሊዝኛ የሚችል ሰው ይዘው ይምጡ» ቢልዎ ትክክል አይደለም። የአሥር ዓመት ልጅዎን ከትምህርት ቤት አስቀርተው ለማስተርጎም አይገደዱም። «አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ማለት ብቻ በቂ ነው። ካልተሰጥዎት ይህም ራሱ አቤቱታ የሚቀርብበት ጉዳይ ነው።

ይህ የከተማ ሕግ መሆኑ ለምን ይጠቅማል ቢሉ፣ ማርች 1 ቀን 2025 የወጣ የፕሬዚዳንት ትእዛዝ እንግሊዝኛን የአሜሪካ ይፋዊ ቋንቋ አድርጎ፣ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ ለማይችሉ ሰዎች አገልግሎታቸውን እንዲያመቻቹ ያዝ የነበረውን የ2000 ትእዛዝ ሽሯል። የዲሲው ሕግ ግን የተመሠረተው በዚያ ትእዛዝ ላይ ሳይሆን በከተማዋ ምክር ቤት ድምፅ ላይ ነው።

አቤቱታ እንዴት ይቀርባል?

ሕጉን የሚያስፈጽመው የዲሲ የሰብአዊ መብቶች ቢሮ ነው። አካሄዱ በአጭሩ የሚከተለውን ይመስላል።

1. አድልዎው ከተፈጸመበት ቀን አንሥቶ በአንድ ዓመት ውስጥ አቤቱታ ያስገባሉ። ክፍያ የለውም፤ ጠበቃ መያዝም ግዴታ አይደለም። የከተማው መንግሥት ሠራተኛ ከሆኑ አካሄዱ ይለያልና ሳይዘገዩ ይጠይቁ።

2. ቢሮው ያነጋግርዎታል፤ ጉዳዩ በሕጉ የሚሸፈን መሆኑንም ይመረምራል።

3. ሁለቱ ወገኖች በገለልተኛ ሰው ፊት ለሽምግልና ይቀመጣሉ። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ብዙ ጉዳይ እዚህ ላይ በስምምነት ሊያልቅ ይችላል።

4. ስምምነት ካልተደረሰ ቢሮው ማስረጃ ሰብስቦ ይመረምራል። አድልዎ መፈጸሙን የሚያሳይ በቂ ምክንያት ካገኘና አሁንም ዕርቅ ካልተገኘ ጉዳዩ ለሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ለውሳኔ ሊቀርብ ይችላል።

አቤት በማለትዎ ምክንያት አሠሪዎ ቢያባርርዎ፣ ሰዓት ቢቀንስብዎ ወይም አከራይዎ ቢያስወጣዎ ያ በራሱ ሌላ ጥፋት ነው። ምስክር የሆነ ሰውም እንዲሁ ጥበቃ አለው።

ከሁሉ በፊት ማስታወሻ ይያዙ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የተባለውን ቃል፣ በቦታው የነበሩትን ሰዎች ስም በዚያው ዕለት ይጻፉ። የስልክ መልእክትና ደብዳቤ አይጣሉ። ከስድስት ወር በኋላ የሚያስታውሱት ነገር በዕለቱ እንደጻፉት አይሆንም።

በሌላ ከተማ ቢኖሩም ተመሳሳይ መሥሪያ ቤት ሊኖር ይችላል። በሜሪላንድ የሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ በቨርጂኒያ የአሌክሳንድሪያ ከተማ፣ ሲያትልና ሚኒያፖሊስ የየራሳቸው ቢሮ አላቸው። የጊዜ ገደቡና ዝርዝሩ ግን ይለያያል፤ የራስዎን ከተማ ይጠይቁ።

ክርስቲያን አቤት ማለት ይገባዋልን?

ብዙ ወገኖች «ለእግዚአብሔር ሰጥቼዋለሁ» ብለው ዝም ይላሉ። «ዝም አይነቅዝም» የሚለው አባባልም ያግዛቸዋል። በእርግጥ በቀል የጌታ ነው፤ የበደለንንም ይቅር ማለት ታዝዘናል። ነገር ግን ይቅርታና አቤቱታ አይጣሉም። ይቅርታ የልባችን ጉዳይ ነው፤ አቤቱታ ደግሞ ከእኛ በኋላ በዚያው በር የሚያልፈውን ሰው የሚጠብቅ ነው።

በሐዋርያት ሥራ 16 ጳውሎስና ሲላስ በፊልጵስዩስ ያለ ፍርድ ተደበደቡ። በማግሥቱ የከተማው ሹማምንት በስውር ሊያሰናብቷቸው ፈለጉ። ጳውሎስ ግን የሮም ዜጋ መሆኑን ጠቅሶ ራሳቸው መጥተው እንዲያወጡን አለ። ገንዘብ አልጠየቀም፤ ማንንም አልረገመም። ነገር ግን እርሱ ከሄደ በኋላ በከተማዋ የምትቀረው ትንሽ ጉባኤ በልድያ ቤት እንዳለች ልብ ይበሉ።

በሐዋርያት ሥራ 6 ደግሞ ግሪክኛ ተናጋሪ መበለቶች በዕለታዊው እደላ ተዘንግተው ነበር። ሐዋርያት ቅሬታውን እንደ ማጉረምረም ቆጥረው አልገሠጹም። ሰባት ሰዎች አስመርጠው ሥራውን በኃላፊነት ሰጡ። የተመረጡት ሁሉ የግሪክ ስም ያላቸው መሆናቸው የሚያስተምረን ነገር አለ።

«በ1ኛ ቆሮንቶስ 6 ወንድም ወንድሙን በማያምኑ ፊት አይክሰስ ተብሎ የለምን?» የሚል ይኖራል። ቃሉ የሚናገረው በአማኞች መካከል ስላለ ክርክር ነው፤ አማኝ ካልሆነ አሠሪ ጋር ስላለ ጉዳይ አይደለም። በደሉን የፈጸመው አማኝ ከሆነ በማቴዎስ 18 እንደተጻፈው አስቀድመው ብቻውን ያነጋግሩት፤ ካልሰማዎትም ወደ ሽማግሌዎች ይሂዱ። ሽማግሌዎችም ይህን ይወቁ፦ እናንተ ቀጠሮ ስታራዝሙ የአንድ ዓመቱ ገደብ ይቆጥራል። ጉዳዩን በጊዜው ካልቋጫችሁት ተበዳዩን ከሁለቱም ፍርድ ታስቀሩታላችሁ።

በራሳችን በኩልስ?

ሕጉ የሚጠብቀን ብቻ ሳይሆን የሚጠይቀንም ነው። አፓርታማ የሚያከራይ ክርስቲያን ተከራዩን በትውልድ አገሩ ወይም በዘሩ ለይቶ ቢመልስ፣ ሱቅ ያለው ወንድም «የእኛን ብሔር ሰው ብቻ» ብሎ ቢቀጥር፣ የሚጠየቀው በከተማው ሕግ ብቻ አይደለም። ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 2 ፊት አይቶ ማድላትን ኃጢአት ብሎታል።

ቤተ ክርስቲያን መጋቢዎቿንና አገልጋዮቿን በእምነቷ መሠረት የመምረጥ መብቷ የተጠበቀ ነው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2012 በአንድ ድምፅ ይህን አጽንቷል። ይሁን እንጂ ይህ ነጻነት የጉባኤያችንን በር በብሔርና በቋንቋ ለመዝጋት መሸሸጊያ እንዳይሆን እንጠንቀቅ።

በመጨረሻም ለመጋቢዎችና ለሽማግሌዎች አንድ አሳብ እናቅርብ። የከተማችሁን የሰብአዊ መብቶች ቢሮ አድራሻና የአቤቱታ ጊዜ ገደብ በአማርኛ ጽፋችሁ በቤተ ክርስቲያናችሁ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፉ። ቅጽ መሙላት የሚችሉ ሁለት ሦስት ወጣቶችንም ለዚህ አገልግሎት መድቡ። የዲሲው ሕግ ሰማንያ ዓመት የተኛው ክፉ ስለነበረ ሳይሆን የሚያውቀው ሰው ስላልነበረ ነው። በእኛ መካከል እንዳይተኛ ማወቅና ማሳወቅ የእኛ ድርሻ ነው።

ፍርድንና ጽድቅን የሚወድ ጌታ ይባርክዎ።