መምህር ወደ ካፋ በመጣ ጊዜ

መጽሐፍ ዕውቀትን ይሰጣል፤ ልብን የሚያነቃው ግን ብዙ ጊዜ በዓይን የሚታይ መምህር ነው። ይህንንም ከካፋ ታሪክ እንረዳለን። በዚያ አገር ጥንት የተሰበከው ክርስትና ተተኪ ካህን አጥቶ፥ ስሙና ጥቂት ሥርዓቱ ብቻ ቀርተው ነበር። በ1852 ዓ.ም. ኢጣልያዊው ካፑቺናዊ ጳጳስ ጉልዬልሞ ማሳያ፥ በአገራችን አጠራር አቡነ ማስያስ፥ ካፋ ገቡ። ሕዝቡን ቀርበው ሲያስተምሩ ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላቸው በ1853 ዓ.ም. ከአገር ተባረሩ። በስተርጅናም የ35 ዓመት ሥራቸውን በኢጣልያንኛ ጽፈው 12 ጥራዝ አደረጉት። የካፋ ምእመን ግን እምነቱን የተቀበለው ከጥራዙ ሳይሆን ከአፋቸው ነው። ዛሬም ቦንጋ ከጅማ ጋራ የአንድ ካቶሊካዊ ሀገረ ስብከት መጠሪያ ናት። እንግዲህ ወደ ሩቅ አገር መጽሐፍ ስንልክ፥ ከሕዝቡ ጋራ የሚኖር መምህርም አብረን መላክን አንርሳ።