ማርሻሉ ማን ነው?

ሰሞኑን በሬዲዮ «የህንዱ ኤር ማርሻል» ሲባል የሰማ ጎረቤቴ፣ «አውሮፕላን ውስጥ ሽጉጡን ደብቆ የሚቀመጠው ጠባቂ ነዋ!» አለኝ። አልፈረድኩበትም፤ ጠባቂውም በዚያው ስም ይጠራል። በህንድ አየር ኃይል ግን ኤር ማርሻል ከሌተና ጄኔራል የሚስተካከል ማዕረግ ነው። ከሱ በላይ ኤር ቺፍ ማርሻል አለ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ባለአምስት ኮከቡ የአየር ኃይል ማርሻል። እዚያ የደረሱት አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1965ቱ የህንድና የፓኪስታን ጦርነት አየር ኃይሉን የመሩት አርጃን ሲንግ። ማዕረጉ የተሰጣቸው በ2002 ነው። በ2015፣ በ96 ዓመታቸው፣ ለቀድሞው ፕሬዚዳንት አብዱል ካላም አስከሬን ከተሽከርካሪ ወንበራቸው ተነስተው ወታደራዊ ሰላምታ ሲሰጡ ያየ ሰው አይረሳቸውም።

«ማርሻል» የሚለው ቃል ራሱ ግን ጋጣ ውስጥ ነው የተወለደው። በጥንቱ ጀርመንኛ «የፈረስ አሽከር» ማለት ነበር፤ ቀስ እያለ የንጉሥ ፈረሶች አለቃ፣ ከዚያ የጦር አለቃ ሆነ። የኛው ባልደራስ ማለት እኮ ነው! ባልደራስ የቤተ መንግሥት ፈረሶችና በቅሎዎች ኃላፊ ነበር፤ ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ የሰፈር ስም ነው። የነሱ ባልደራስ ሰማይ ሲወጣ የኛው ታክሲ መውረጃ ሆኖ ቀረ።

«የአየር ባልደራስ» እንበል ብል ሳቅ ነው የማተርፈው። እኔ ብጠየቅ ኤር ማርሻልን «አየር አዝማች» እለዋለሁ፤ ደጃዝማችና ግራዝማች ለለመደ ጆሮ አይከብድም። ባለአምስት ኮከቡ ማርሻልነቱን ይያዝ። የጎረቤቴን ሰውዬ ደግሞ «የበረራ ጠባቂ» ብንለው ይበቃዋል።