ስጋትና መልስ (የካርታ ጨዋታ)

ስጋትና መልስ በሚሰበሰቡ ካርታዎች በሚካሄዱ ጨዋታዎች፣ በተለይም በማጂክ፦ ዘ ጋዘሪንግ፣ ካርታዎችን በሥራቸው ለመለየት የሚያገለግሉ ሁለት ጽንሰ ሐሳቦች ናቸው። ስጋት የሚባለው ዝም ከተባለ ጨዋታውን የሚያሸንፍ ካርታ ሲሆን፣ መልስ የሚባለው ያንን ስጋት የሚያስወግድ ወይም የሚያከሽፍ ካርታ ነው። አታሚው ድርጅት ካርታዎችን እስከ ማገድ የደረሰባቸው በርካታ ጊዜያት በሁለቱ መካከል ካለው ሚዛን መዛባት ጋር የተያያዙ ናቸው።

ስለ ጨዋታው ባጭሩ

ማጂክን የፈጠረው አሜሪካዊው የሒሳብ ምሁር ሪቻርድ ጋርፊልድ ነው። ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት በ1993 እ.ኤ.አ. አሳተመው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። በተለመደው አጨዋወት እያንዳንዱ ተጫዋች ቢያንስ 60 ካርታ ያለው የራሱን ክምር ይዞ ይቀርባል፤ ከመሠረታዊ መሬቶች በቀር አንድ ዓይነት ካርታ ከ4 በላይ መያዝ አይፈቀድም። ክምሩ ተበውዞ 7 ካርታ ይሳባል፤ ሁለቱም በ20 የሕይወት ነጥብ ይጀምራሉ። መሬት የተባሉት ካርታዎች ማና ይሰጣሉ፤ የሌሎቹ ካርታዎች ዋጋ የሚከፈለው በማና ነው። በአንድ ተራ በመደበኛነት አንድ መሬት ብቻ ስለሚወርድ ማና ቀስ በቀስ ያድጋል።

የመልስ ዓይነቶች

ዋና ዋናዎቹ የመልስ ዓይነቶች በ1993ቱ የመጀመሪያ እትም ውስጥ ነበሩ። ላይትኒንግ ቦልት በ1 ቀይ ማና 3 ጉዳት ያደርሳል። ሶርድስ ቱ ፕላውሼርስ በ1 ነጭ ማና ማንኛውንም ፍጡር ከጨዋታው ያስወጣል፤ የፍጡሩ ባለቤት ግን በፍጡሩ ጉልበት ልክ የሕይወት ነጥብ ያገኛል። ራት ኦፍ ጎድ በ4 ማና በሜዳው ያሉትን ፍጡራን ሁሉ፣ የራስንም ጨምሮ፣ ያጠፋል። ዲስኤንቻንት የሚያገለግለው አርቲፋክት ወይም ኤንቻንትመንት በተባሉት ካርታዎች ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ተጋጣሚው ፍጡራንን ብቻ ከያዘ ከተራ ወረቀት አይለይም። ካውንተርስፔል በ2 ሰማያዊ ማና የማንኛውንም ዓይነት ድግምት ማክሸፍ ይችላል። ችግሩ ጊዜው ነው፤ ድግምቱ በሚነገርበት ቅጽበት ካርታው እጅ ላይ፣ 2 ማናውም ሳይወጣ መገኘት አለበት። ስጋቱ አንዴ ሜዳ ላይ ከወረደ ካውንተርስፔል ምንም አያደርገውም።

አለመመጣጠኑ ከየት ይመጣል?

በተጫዋቾች ዘንድ ከታወቁት አባባሎች አንዱ ለዴቪድ ፕራይስ የሚሰጠው ነው፤ ፍሬ ነገሩ የተሳሳተ መልስ አለ እንጂ የተሳሳተ ስጋት የለም የሚል ነው። ይህን በቀላል የዕድል ስሌት ማየት ይቻላል። 60 ካርታ ካለው ክምር 7 ሲሳብ፣ ከ4 ተመሳሳይ ካርታዎች ቢያንስ አንዱ እጅ የመግባቱ ዕድል 40 በመቶ ያህል ነው፤ ካርታዎቹ 8 ቢሆኑ ወደ 65 በመቶ ይደርሳል። አንድ ተጫዋች 4 ፍጡር የሚገድሉና 4 አርቲፋክት የሚሰብሩ መልሶችን ይዟል እንበል። ተጋጣሚው አርቲፋክት ከሌለው ከ8ቱ መልሶች ግማሾቹ ከንቱ ናቸው፤ የሚጠቅም መልስ ይዞ የመጀመር ዕድሉም ከ65 ወደ 40 በመቶ ይወርዳል። ፍጡራንን የያዘው ሰው ግን ይህ ጭንቀት የለበትም፤ 8 ስጋት ካለው 8ቱም በማንም ላይ ይሠራሉ። በውድድር ላይ ከአንድ ዙር በኋላ ካርታ የሚለወጥበት 15 ካርታ ያለው መጠባበቂያ የሚፈቀደው በከፊል ይህን ጉድለት ስለሚያቃልል ነው።

መልስን የሚክሰው ዋጋው ነው። ቤንስሌየር ኤንጅል (2009) 5 ማና የምታስከፍል፣ የምትበርና በምታደርሰው ጉዳት ልክ ለባለቤቷ ሕይወት የምትጨምር 5/5 መልአክ ናት። በ1 ማና ሶርድስ ስትወገድ ግን የባለቤቷ ተራ በሞላ ባከነ ማለት ነው፤ መላሹ በቀረው ማና ሌላ ሥራ ይሠራል። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች አንድን ስጋት ሲመዝኑ «ወዲያው ቢሞት ምን ይተርፈኛል?» ብለው ይጠይቃሉ። መልድሪፍተር (2007) በተመሳሳይ 5 ማና 2/2 ብቻ ቢሆንም ሲወርድ 2 ካርታ ያስስባል፤ ቢገደልም ሥራውን ጨርሷል። ትራግታስክ (2012) ከዚህም ይብሳል፤ ሲገባ 5 ሕይወት ይሰጣል፣ ከሜዳ ሲወጣ ደግሞ 3/3 አውሬ ትቶ ይሄዳል። እንዲህ ያሉ ካርታዎች ሲበዙ አንድ ለአንድ የሚመልስ ተጫዋች በመለሰ ቁጥር እየከሰረ ይሄዳል።

ሚዛኑ የተዛባባቸው ጊዜያት

በሚሮዲን ዘመን የአርቲፋክት ክምሮች ውድድሩን ስለተቆጣጠሩ ስካልክላምፕ በ2004፣ አርክባውንድ ራቬጀርና አርቲፋክት የሆኑት መሬቶች ደግሞ በ2005 ከስታንዳርድ ውድድር ታገዱ። በ2011 ጄስ፣ ዘ ማይንድ ስከልፕተርና ስቶንፎርጅ ሚስቲክ ተከተሉ። በ2017 ተከታታይ እገዳዎች ነበሩ፤ ድርጅቱም በዚያው ዓመት የካርታዎችን ሚዛን የሚፈትሽ ፕሌይ ዲዛይን የተባለ ቡድን አቋቋመ።

ይህም ሆኖ ከሁሉ ጎልቶ የሚጠቀሰው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ኦኮ፣ ቲፍ ኦፍ ክራውንስ በጥቅምት 2019 ወጣ። በ3 ማና ብቻ የሚወርድ ፕሌንስዎከር ሲሆን በ4 የታማኝነት ነጥብ ይጀምራል፤ በወረደበት ተራ ችሎታውን ተጠቅሞ ወደ 5 ወይም 6 ስለሚወጣ እንደ ላይትኒንግ ቦልት ያለ 3 ጉዳት አይገድለውም። ዋናው መዘዝ ግን 1 ነጥብ የሚጨምርለት ችሎታው ነበር፤ የፈለገውን ፍጡር ወይም አርቲፋክት ምንም ችሎታ ወደሌለው 3/3 አጋዘን ይለውጣል። እንደ ቤንስሌየር ያለች መልአክ በዚህ ተራ አጋዘን ትሆናለች፤ የራሱ ባለቤት የማይረባ አርቲፋክትም እንዲሁ አጋዘን ሆኖ ያጠቃል። አንድ ካርታ ስጋትም መልስም ሆነ፣ ሁለቱንም በየተራው ያለ ተጨማሪ ማና! በኅዳር 2019 ከስታንዳርድ ታገደ፤ በመቀጠልም ከፓዮኒር፣ ከሞደርንና ከሌጋሲ ወጣ።

በሌሎች ጨዋታዎች

የሚዛኑ መልክ እንደ ጨዋታው ሕግ ይለያያል። በ2014 በወጣው ሃርትስቶን በተጋጣሚ ተራ ካርታ መጫወት አይቻልም፤ ማንን እንደሚመታ የሚመርጠውም አጥቂው ስለሆነ ፍጡራኑ ራሳቸው እንደ መልስ ያገለግላሉ። ዩ-ጊ-ኦ! ማና የለውም። ስጋቶች በመጀመሪያው ተራ ሊደረደሩ ስለሚችሉ፣ እንደ አሽ ብሎሰም ያሉ ካርታዎች ምንም ነገር ሜዳ ላይ ሳይኖር በተጋጣሚ ተራ በቀጥታ ከእጅ እየተጣሉ መልስ ይሆናሉ።