ባትሪውስ ስንት ዓመቱ ነው?

በሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አልፈን መርካቶ ያገለገለ ላፕቶፕ ልንገዛ ስንወርድ የምንጠይቀው ስለ ራሙና ስለ ሃርድ ዲስኩ ነው። ባትሪውንስ?

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2019 ሁላችንም ስለ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ የሰላም ኖቤል ስናወራ ሰነበትን። ከዚያ ሁለት ቀን ቀድሞ የኬሚስትሪው ኖቤል ለሊቲየም አዮን ባትሪ አባቶች፣ ለጉድኢናፍ፣ ለዊቲንግሃምና ለዮሺኖ መታወጁን ልብ ያልነው ግን ጥቂቶች ነን። ሶኒ ባትሪውን ገበያ ያወጣው በ1991 ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሻሻለ፤ እርጅናው ግን አልቀረለትም። በተሞላና ባለቀ ቁጥር ይደክማል፤ ሙቀት ያፋጥነዋል፤ ሳይነካ ቢቀመጥም ያረጃል።

ስለዚህ ቀፎው ስላብረቀረቀ አንሸወድ። ዊንዶውስ የባትሪ ሪፖርት አለው፤ ሲመረት ይይዝ የነበረውንና ዛሬ የሚይዘውን ጎን ለጎን ያሳያል። ሳናየው ከከፈልን፣ መብራት በሄደ ቀን ሴቭ ያላደረግነው የመመረቂያ ጽሑፍም አብሮ ይሄዳል።