ከሁለት በጎች የተነሣ ዓመታዊ ትርኢት

በአሜሪካ አገር፣ በማሳቹሴትስ ግዛት፣ ፒትስፊልድ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1807 ዓ.ም. ኤልካና ዋትሰን ጠጕራቸው የለሰለሰ ሁለት የሜሪኖ በጎች ከአደባባዩ ትልቅ ዛፍ ሥር አቁሞ አሳየ፤ ገበሬውም ሊያያቸው ተሰበሰበ። ዋትሰን፣ ሁለት በጎች ይህን ያህል ሰው ከሳቡ ብዙ ከብት ቢቀርብማ ምን ይሆን ሲል ዐሰበ። ስለዚህ በ1810 የከብት ትርኢት ተደረገ፤ በ1811ም የበርክሻየር የእርሻ ማኅበር ተቋቋመ።

ማኅበሩ በቤታቸው ጨርቅ ለሚሠሩ ሴቶችም ሽልማት መደበ። እነርሱ ግን በሕዝብ ፊት መቅረብን ዐፈሩ። የዋትሰን ባለቤት ቀድማ በተገኘች ጊዜ ሌሎቹ ተከተሏት። ይህም ልማድ ወደ ሌሎች ከተሞች ተስፋፋ።

እኛም ከዚህ የምንረዳው፣ ሰው ከብዙ ምክር ይልቅ ጎረቤቱ የሠራውን አይቶ እንደሚማር፣ ለመልካም ሥራም ቀድሞ የሚወጣ አንድ ሰው እንደሚያስፈልግ ነው።