ፉርኖ፣ ስጎ፣ ቦምቦሊኖ

በነፋስ ስልክ ላፍቶ ሻይ ቤቶች የምሰማቸው የምግብ ስሞች ታሪክ ይነግሩኛል። «ፉርኖ» በጣልያንኛ የዳቦ መጋገሪያው ምድጃ ነው፤ ሮም ደርሶ «ፉርኖ አምጡልኝ» የሚል መንገደኛ ምድጃውን የጠየቀ ይመስላል። «ስጎ» የፓስታ ማባያው ሱጎ ነው። ቦምቦሊኖም በቶስካና ቦምቦሎኔ የሚሉት፣ በዘይት የሚጠበስ ጣፋጭ ሊጥ ዘመድ ነው።

ቃላቱ የወራሪ ቋንቋ ናቸው። ያ ወራሪ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ፤ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ከተማዋን በደም አጠባት። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ሲመለሱ ሠራዊቱ ከከተማዋ ወጥቶ ነበር፤ ማዕዱ ግን ቀረ።

እኛም ስጎውን በበርበሬ አቀላነው፤ ፓስታውን በእንጀራ ጠቅልለን ጎረስነው፤ በጾም ያለ ሥጋ ሠራነው። መብላቱ ነውር የለውም፤ ስሙን ስንጠራ ግን የወደቁትንም እናስብ።