ፕላትሌት

የላቦራቶሪ ወረቀት ላይ «ፕላትሌት ዝቅተኛ» የሚል ሲያይ ደም አነሰኝ ብሎ ወደ ቀይ ሥርና ጉበት የሚሮጥ ብዙ ነው። ደም ማነስ የቀይ የደም ሴል ጉዳይ ነው። ፕላትሌት ግን የተጎዳ የደም ሥር ላይ ተጣብቆ መድማትን የሚያቆም ጥቃቅን የሴል ቁራጭ ነው፤ ይህን ሥራውን ጣሊያናዊው ጁሊዮ ቢዞዜሮ በ1882 እ.ኤ.አ. ገለጸ።

በአንድ ማይክሮሊትር ደም ከ150,000 እስከ 450,000 ይጠበቃል። 100,000 ያለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይሰማውም፤ ከ10,000 በታች ሲወርድ ግን ሳይቆስሉም መድማት ያሰጋል። ነስር፣ የድድ መድማት፣ ቅልጥም ላይ የቁንጫ ንክሻ የሚመስሉ ነጠብጣቦች ምልክቶቹ ናቸው።

ወባ፣ ደንጌ፣ የጉበት ሕመምና አንዳንድ መድኃኒቶች ያወርዱታል። የሰውነት መከላከያ ራሱ ሲያጠፋው ደግሞ ሕክምናው ብዙ ጊዜ ፕሬድኒሶሎን በተባለ መድኃኒት ይጀመራል፤ የተለገሰ ፕላትሌት እዚህ ላይ ቶሎ ስለሚጠፋ የሚሰጠው ብርቱ መድማት ሲኖር ነው። አስፕሪን ያለ ሐኪም ፈቃድ አይነካም።

አንዳንዴ ቁጥሩ ራሱ ሐሰት ነው፤ ፕላትሌቶቹ ናሙናው ቱቦ ውስጥ ተጓጉለው ማሽኑ አሳንሶ ይቆጥራቸዋል። ያኔ ደሙ በሌላ ዓይነት ቱቦ ተቀድቶ እንደገና ይቆጠራል፣ በማይክሮስኮፕም ይታያል።